ናይለኑ የታሰረበት ቦታ

ገላን ኮንዶሚኒየም፣ አቃቂ ቃሊቲ
መስከረም 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሶሊያና፣

የቆላው ሙቀት እንዴት ይዟችኋል? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም የሚያማርረው አራተኛ ፎቅ ያወጣልኝን ዕጣ ነው እንጂ እኔን አይደለም።

ጊታሩ ደርሷል። ጎረቤታችን ሹፌሩ ከማለዲን ቅዳሜ ዕለት ፒያሳ ካለው ጠጋኝ ተቀብሎ፣ አይሱዙው ጋቢና ውስጥ አጠገቡ አስቀምጦ፣ ደረጃውን ሁሉ ተሸክሞ አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስተኛልኝ። ሳጥኑን ስከፍተው የሰው ዕቃ ተሳስቶ ያመጣልኝ መስሎኝ ነበር። ስንት ዓመት የተላላጠው ሆዱ ቀለም ተቀብቶ ፊቴ ይታይበታል፤ ከእንግዲህ ጢሜን በሱ ፊት መላጨት እችላለሁ። ክሩ አዲስ፣ የክር ማጥበቂያው አዲስ፣ ሳጥኑ ከውስጥ ቀይ ከፋይ። ለሰባ ዓመቴ ብለሽ ያሰብሽው ስጦታ መሆኑንም ከማለዲን ነገረኝ። ልጅ የወለድኩ አባት ሆኜ ኖርኩ እንጂ ምራት እንዲህ ታስባለች ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም። እግዚአብሔር ይስጥሽ።

ብልጠትሽንም አደንቃለሁ። በፍልሰታ ጾም ጊታር እንደማልነካ አውቀሽ፣ እኔ ሱባኤ ገብቼ ሳለ ነው ከግድግዳው ያወረድሽው። ስመለስ ባዶ ሚስማር ጠበቀኝ። «ክሩ ሊቀየር ሄዷል» አልሽኝ፤ ነርስ አትዋሽም ብዬ አመንኩሽ።

ስለ ቀረጻው የጠየቅሽኝ፣ ቀኑ ተቆርጧል። ልጅቷ ኢሽራቅ ትባላለች፤ የቆዩ ተጫዋቾችን ቤት ለቤት እየዞረች የምትቀርጽ ወጣት ናት። ኅዳር 14 ቅዳሜ ከነማይክራፎኗ እኔ ዘንድ ትመጣለች። አራቱን ቅኝቶች፣ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን፣ በጊታር ብቻ፤ ያለ ዘፋኝ፣ ያለ ከበሮ። አርባ ስድስት ዓመት ስጫወት የሰው አጃቢ ሆኜ እንጂ ብቻዬን ተቀርጬ አላውቅም። እንዲህ ያለ ዕድል ሁለተኛ የሚመጣልኝ አይመስለኝም።

ሌላም የጠየቅሽኝ ነገር ነበር፤ ያለ መነጽር ስላነበብኩት አመለጠኝ። በሌላ ጊዜ።

እናንተ ያላችሁበት ኔትወርክ እስኪገባ ድረስ፣ ከማለዲን ለመንገዳችሁ ሲሚንቶ ባመላለሰ ቁጥር ወረቀት ማስያዙ አይከፋም። እናቱ ወይዘሮ ሀኪማም ከግድግዳው ማዶ ሰላም ትላችኋለች። ባልሽን የሺዋስን ሳሚልኝ። ከሱ ደብዳቤ አልጠብቅም፤ ብዕር የሚይዘው መንገድ ለመሳል ብቻ ነው።

አባትሽ ካሳሁን


የመንገድ ሥራ ካምፕ፣ ከዲመካ ማዶ
ጥቅምት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአባባ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? የሰጠሁዎትን የጉልበት ቅባት ጠዋትና ማታ ይቀቡታል ወይስ መስኮት ላይ ለጌጥ ቆሟል? መልሱን ስለማውቀው አይጻፉልኝ፤ ይቀቡት ብቻ።

ለዘገየሁበት ይቅርታ ያድርጉልኝ። ከማለዲን ሲመጣ ካምፕ አልነበርኩም፤ ሦስት ቀን ጂንካ ሰንብቼ ነው የተመለስኩት። ለምን እንደሄድኩ ለጊዜው አይጠይቁኝ። ሕመም አይደለም።

ሳይጽፏቸው ለማውቃቸው ጥያቄዎችዎ በየተራ፦ የሺዋስ ይበላል፤ ፍየል በዝቶለት ሱሪው ጠብቦታል። አዎ፣ ቤተክርስቲያን በየሁለት ሳምንቱ ዲመካ ድረስ እንሄዳለን። አዎ፣ እባብ አለ። አይ፣ አልነደፈንም። ክሊኒኬ አንድ ክፍል ቆርቆሮ ቤት ናት፤ ቀን ቀን የምትጋገር ትመስላለች፤ ግን የራሴ ናት፤ እወዳታለሁ።

አሁን ወደ እርስዎ ልምጣ። ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የጊታሩን ሆድ አመስግነዋል፣ ክሩን አመስግነዋል፣ ማጥበቂያውን አመስግነዋል፣ የሳጥኑን ከፋይ ሳይቀር አመስግነዋል። ድምፁን ግን አላነሱም። አባባ፣ በሽተኛ ስለ መላ ሰውነቱ አውርቶ ስለ አንድ ቦታ ዝም ካለኝ፣ እጄ መጀመሪያ የሚሄደው ወደዚያ ቦታ ነው። ያመለጠዎት ጥያቄዬም «ድምፁስ እንዴት ሆነ?» የሚል ነበር። በትልቁ ነው የጻፍኩት፤ ያለ መነጽርም ይነበባል።

እኔም አልነግርዎትም ብዬ የያዝኩትን ልንገርዎት። ጠጋኙ ጊታሩን ሲያየው ግራ ገባው። አንገቱ ላይ ጣት የሚያርፍባቸው ብረቶች፣ ፍሬት ነው የሚሏቸው፣ ሦስተኛውና ስምንተኛው ወልቀው የሉም። በምትካቸው የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ተጠምጥሞ ከጀርባ ተቋጥሯል፤ እሱም ጠማማ። «ይሄን ማነው እንዲህ ያደረገው?» አለኝ። እኔ አፈርኩ። ጡረተኛ አባት መለዋወጫ አጥቶ በናይለን ሲጠግን እንዴት አላየንም ብዬ ነው ያፈርኩት። «የታሰረውን ሁሉ ፍታና እንደ አዲስ ሥራልኝ» አልኩት። ልክ አደረግኩ አይደል?

እዚህ ያሉት የየሺዋስ ጓደኞች አባቱ «ካሳሁን ብሉዝ» መባሉን ሰምተው ነገሩን ካልነገርሽን እያሉኝ ነው። ባለቤቴን ስጠይቀው «የድሮ ስም ነው» ይላል፤ ጨዋታ አያውቅም። እርስዎ ይጻፉልኝ፤ ከመጀመሪያው ጀምረው።

ልጅዎ ሶሊያና


ገላን ኮንዶሚኒየም
ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሶሊያና፣

ቅባቱን እየተቀባሁ ነው። ትላንት ጀመርኩ።

ጂንካ ለምን እንደሄድሽ አልጠይቅም። አለመጠየቄን ግን መዝግቢልኝ፤ ቀላል አልሆነልኝም።

ድምፁን ያላነሳሁት ዝናቡ ዘንድሮ በጥቅምትም ስላልለቀቀን ነው። እንጨት እርጥበት ሲነካው ያኮርፋል። ፀሐይ ሲወጣ ይመለሳል። ጠጋኙ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው፤ እጁ ንጹሕ ነው፤ አንድም ሙጫ የፈሰሰበት ቦታ አላየሁም። ስለዚህ አታስቢ።

ስለ ስሙ። የተወለድኩት ከአቃቂ ባቡር ጣቢያ ጀርባ ነው፤ አባቴ ሐዲድ ጠባቂ ነበር። በሃያ አራት ዓመቴ ጨርቃጨርቅ ፋብሪካ በሽመና ማሽን ጥገና ተቀጠርኩ። ያኔ እያንዳንዱ ፋብሪካ የኪነት ቡድን ነበረው። ለበዓል መፈክር ይዘን ከወጣን በኋላ ነው ዘፈን የሚፈቀደው። ሦስተኛ ጊታር ነበርኩ፤ ሦስተኛ ጊታር ማለት ከመጋረጃው ጫፍ የቆመው፣ ማንም የማያየው ሰው ነው።

አንድ ቀን ከውጭ አገር ትምህርት የተመለሰ የፋብሪካው ኤሌክትሪሺያን ካሴት ይዞ ክበብ መጣ። ጥቁር አሜሪካውያን ሽማግሌዎች ናቸው፤ እያንዳንዱ ብቻውን፣ አንድ ጊታር ይዞ፣ በአውራ ጣቱ ወፍራሙን ክር እየረገጠ በቀሩት ጣቶቹ ዜማውን ያስለቅሰዋል። ብሉዝ ይባላል አለን። ቋንቋውን አልሰማሁም። ክሩን ገፋ አድርገው ድምፁን ሲያንሸራትቱት ግን ከሠርግ ቤት፣ ከለቅሶ ቤት የማውቀው ነገር መጣብኝ። «እነዚህ ሰዎች ወሎ የሄዱት መቼ ነው?» ብዬ ጠየቅኩ። ክበቡ ሁሉ ሳቀብኝ። ስሙም ከዚያ ቀን ወጣልኝ፤ መጀመሪያ ለስድብ ነበር።

እኔ ግን በዚያ አጨዋወት የኛን ቅኝቶች ማውጣት ያዝኩ። አውራ ጣቴ ለብቻው እንደ ሌላ ሰው እንዲሄድ ለማስለመድ ብቻ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። ትዝታና ባቲ እሺ አሉኝ። አምባሰልና አንቺሆዬ እምቢ አሉ። ፋብሪካ የሠራው ጊታር ፍሬቶቹ የተተከሉት ለፈረንጅ ጆሮ ነው፤ የኛ ድምፅ ከሁለት ብረት መሃል ያርፋል። ከነሱ ጋር ስታገል ብዙ ዓመት ሄደ።

አሰለፈች፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ክር ማጠንጠኛ ክፍል ትሠራ ነበር። የዚያን ሁሉ ማሽን ጩኸት አልፎ የሚሰማ ድምፅ ነበራት። መድረክ ላይ ውጪ ሲሏት «ድምፄን የሚሰማ አንድ ሰው በቂዬ ነው» ብላ ትስቃለች። ከተጋባን በኋላ አንድ እሁድ ሦስተኛውንና ስምንተኛውን ፍሬት በፒንሳ ነቀልኩና ከአባ ሳሙኤል ሐይቅ ዓሣ አጥማጆች ያገኘሁትን ናይለን አሰርኩ። ናይለን ደግነቱ ይንሸራተታል። እሷ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ታንጎራጉራለች፣ እኔ በጥፍሬ ናይለኑን ወደ ላይ ወደ ታች እገፋለሁ። ራሷን ትነቀንቃለች፤ አይደለም። እገፋለሁ፤ አይደለም። ከዚያ «እዛው» አለችኝ። እዛው ቋጠርኩት። ሲበጠስ እዚያው ቦታ ላይ አዲስ እያሰርኩ ሠላሳ ሁለት ዓመት ኖረ። እሷ ካረፈች ስድስት ዓመቷ ነው፤ እኔ ግን ስምንተኛዋን ናይለን በረገጥኩ ቁጥር «እዛው» ስትለኝ እሰማ ነበር።

ይህን ልጽፍልሽ አላሰብኩም ነበር። ቀድጄ እንዳልጥለው ወይዘሮ ሀኪማ ከወረቀቱ ጀርባ ሰላምታዋን ጽፋለች፤ እንደገና ጻፊልኝ ብላት ለምን ትለኛለች። እንዳላነበብሽው ቁጠሪው። ጊታሩ ደህና ነው።

አባትሽ ካሳሁን


የመንገድ ሥራ ካምፕ
ጥቅምት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባባ፣

እንዳላነበብኩት ልቆጥረው አልቻልኩም።

ለየሺዋስ ነው ጮክ ብዬ ያነበብኩለት። እራት አቅርቤ፣ እየሳቅን፣ የኪነቱን ነገር እያነበብኩ። «እዛው» የሚለው ጋ ስደርስ ወረቀቱን ከእጄ ወሰደና ለብቻው አነበበው። ከዚያ «ያ ናይለን እኮ የእማዬ ነው» አለኝ። አልተቆጣም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ሳህኑን አንስቶ አጠበና ወጣ።

አባባ፣ እኔ እማማ አሰለፈችን በሕይወት አላገኘኋትም። የማውቃት ሳሎንዎ ካለው ፎቶ ነው። ከሷ የቀረውን አንድ ነገር ደግሞ በገዛ አፌ «ፍታው» ብዬ አስፈታሁት። ፒያሳ ቆሜ ያልኩት ቃል ትዝ ሲለኝ ፊቴ ይቃጠላል። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይህን ቃል በአካል ቀርቤ፣ ጉልበትዎን ይዤ ነበር ማለት የነበረብኝ።

ስለ እርጥበቱ የጻፉልኝንም አላመንኩም። ከማለዲንን ያዝኩትና «እውነቱን ንገረኝ» አልኩት። ምስኪን፣ ትንሽ ተቅለሰለሰና «እናቴ ጋሽ ካሳሁን ጊታራቸው ከተሠራ ወዲህ ግድግዳው ዝም ብሏል ትላለች፤ አንድ ቀን አምባሰል ጀመሩና መሃሉ ላይ አቆሙት» አለኝ። አንድ ወር ሙሉ እኔን ላለማስቀየም ብለው በማይጫወቱበት ጊታር ሆድ ላይ ጢም እላጫለሁ እያሉ ይቀልዱልኛል።

አሁን የምለምንዎት ይህን ነው። ጨዋነትዎን ለእንግዳ ያድርጉት። ልጄ ነሽ ካሉኝ እንደ ልጅ ይቆጡኝ። ከዚያ ፒንሳውን ያንሱና ሁለቱንም ፍሬት ይንቀሏቸው። ቀለሙ ቢጫር፣ እንጨቱ ቢቦረቦር ግድ የለኝም፤ ስጦታዬ የሚሆነው እርስዎ ሲጫወቱበት ነው። ኅዳር 14 ሦስት ሳምንት አለው። ይደርሳሉ።

ይንቀሏቸው፣ አባባ። ደብዳቤዎ እስኪመጣ እንቅልፍ የለኝም፤ እኔ ደግሞ በአሁኑ ጊዜ እንቅልፍ ያስፈልገኛል።

ሶሊያና


ገላን ኮንዶሚኒየም
ጥቅምት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሶሊያና፣

እንደ ልጅ ይቆጡኝ ስላልሽ ልቆጣ፦ የሽማግሌ ዕቃ ሳይጠየቅ ይነካል? ይኸው፣ ቁጣዬ አለቀ። ከዚህ በላይ ፈልጌ አጣሁ።

ጥፋቱ የኔም ነው። ሁለት ዓመት በቤቴ ስትወጪ ስትገቢ፣ አንድ ቀን ጊታሩን አውርጄ «ይህ እንዲህ ነው» ብዬ አላሳየሁሽም። ያላየሽውን ከየት ታውቂዋለሽ? ዋሽቼሻለሁም። ሳጥኑን በከፈትኩበት ቀን ነው ያየሁት፤ ሲያብረቀርቅ ብረቱ ዓይኔን ወጋኝ። ቁጭ ብዬ «አሁን ለልጅቷ ምን ልበላት?» አልኩ። ስለ ከፋዩ መጻፍ የመጣልኝ ያኔ ነው።

ደብዳቤሽ በደረሰኝ ማግስት ነቀልኳቸው። ቅር እንዳይልሽ፣ ቀለሙን አልጫርኩትም፤ የማሽን ጠጋኝ እኮ ነበርኩ። ናይለንም አገኘሁ። አምባሰልን ወይዘሮ ሀኪማ አወጣችልኝ። አጠገቤ ተቀምጣ እያንጎራጎረች ሦስተኛዋን አሰርናት። የወሎ ሰው አይደለች፤ አምባሰል ስትስት ሰው የሰደባት ያህል ነው የሚያማት። ደረጃ ላይ ያገኘችውን ሁሉ «እኔ ነኝ የሠራሁት» እያለች ነው።

ስምንተኛዋ፣ የአንቺሆዬዋ፣ ግን አልተገኘችም። እንጨቱ ላይ ናይለኑ ለብዙ ዓመት የቦረቦረው ምልክት ነበር፤ ጠጋኙ እሱንም ሞርዶ አስተካክሎታል። ጆሮዬ ያውቀዋል ብዬ ነበር። ሁሉም ነገር ናይለኑ ላይ ስለነበር ጆሮዬ መያዙን ትቶት ኖሯል። ጠዋት «ይህ ነው» ያልኩትን ከሰዓት ስሰማው የሌላ ሰው ነው። ወይዘሮ ሀኪማ «እኔ የኔን አንቺሆዬ ልሰጥዎት እችላለሁ፤ የእሷን አላውቀውም» አለችኝ። እውነቷን ነው። አሰለፈች አንቺሆዬን የምታሳርፍበት የራሷ ቦታ ነበራት፤ ከማንም ጋር አይገጥምም። ድምፅዋ ካሴት ላይ የለም። ማን ይቀርጻት? እምቢ ነው የምትለው።

ስለዚህ ለኢሽራቅ ነግሬያታለሁ፤ ሦስት እንጂ አራት አይደለም ብያታለሁ። «ለምን?» አለች፤ «አንዱ ቤት የለም» አልኳት። ከፋኝ፤ አልዋሽሽም። ግን ሦስቱም ጥሩ ናቸው። አንቺም ተኚ። ያንን የምትደብቂኝን ነገር ደግሞ አሁንም አልጠየቅኩም።

አባትሽ ካሳሁን


የመንገድ ሥራ ካምፕ
ኅዳር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባባ፣

ይህን በጥድፊያ ነው የምጽፍልዎት፤ ከማለዲን ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቀኛል። ደግሞ አስፈራርቼዋለሁ፤ ማክሰኞ አቃቂ ካልገባ ሲታመም መርፌውን በኔ እጅ እንደሚወጋ ያውቃል።

ከዚህ ወረቀት ጋር በፕላስተር የጠቀለልኩት የስልክ ሚሞሪ ካርድ አለ። እንዳይጠፋ። ምን እንዳለበት ልንገርዎት።

ባለቤቴ ጠዋት ጠዋት ከቆርቆሮው ቤት ውጭ መስታወት ሰቅሎ ሲላጭ ያንጎራጉራል። ከተጋባን ጀምሮ እሰማዋለሁ። ቃል የለውም፤ ያው አንድ ዜማ ነው፤ መጨረሻው ላይ አንድ ቦታ አለ፣ ልክ ሊደርስ ሲል ሌላ ቦታ የሚያርፍ። እኔ ስቶ ይመስለኝ ነበር። «አንተ እኮ ድምፅህ ይወላገዳል» እያልኩ ስንት ጊዜ ሳቅኩበት። የእርስዎን ደብዳቤ፣ «ከማንም ጋር አይገጥምም» ያሉትን፣ ሳነብ ነው ብርድ ብርድ ያለኝ። ከእርስዎ ጊታር የለቀመው ነው እንዳልል የእርስዎን አጨዋወት አልያዘም። «ከየት ያመጣኸው ነው?» አልኩት። «ምኑን?» አለኝ። እንደሚያንጎራጉር ራሱ አያውቅም።

ስለዚህ ሦስት ጠዋት መስኮት ስር ተደብቄ ቀረጽኩት። ዶሮ አለበት፣ ጄኔሬተር አለበት፣ ምላጩም ይሰማል። ግን ያ ቦታ ሦስቱንም ጠዋት እዚያው ነው። እኔ ሙዚቃ አላውቅም፤ እርስዎ ይለዩት። እማማ አሰለፈች ካልሆነች ደግሞ ዝም ብለው ይሳቁብን።

ያንን ነገር አሁን ልንገርዎት። በሦስት ወር እንናገር ተባብለን ነበር፤ ይኸው ሞላ። ጂንካ የሄድኩት ለአልትራሳውንድ ነው። እግዚአብሔር ካለ በግንቦት አያት ይሆናሉ። ስለዚህ ቅባቱን ይቀቡት፤ ያን ጊዜ ደረጃውን ሁለት ሆናችሁ ነው የምትወጡት።

ሶሊያና

አባባ፣ እሷ ናት የምትለው። እኔ አላንጎራጉርም። ደህና ነኝ። የሺዋስ።


ገላን ኮንዶሚኒየም
ኅዳር 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጆቼ፣

ይህኛውን ለሁለታችሁ ነው የምጽፈው። ይቅርታ፣ ለሦስታችሁ።

ደብዳቤሽን ደረጃው ላይ ከፈትኩት፤ ቤት እስክገባ መታገስ አቃተኝ። ግንቦት የሚለው ጋ ስደርስ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ተቀመጥኩ። የሚያልፈው ሁሉ «ደከመዎት፣ አባት?» ይለኛል፤ እኔ እስቃለሁ። ወይዘሮ ሀኪማ ከላይ ሆና ሳቄን ሰማችና ወረደች። ነገርኳት። እልል አለች፤ አሁን ብሎኩ ሁሉ ያውቃል፤ ምስጢር ካላችሁት ረፍዷል።

ካርዱን ከማለዲን ስልኬ ውስጥ ከተተልኝ። ዶሮው መጣ፣ ጄኔሬተሩ መጣ፣ ቀጥሎ የሺዋስ። አንተ ልጅ፣ ታንጎራጉራለህ። ሠላሳ ሦስት ዓመት ቤቴ ኖረህ፣ እኔ ራሴ በጊታሩ ጩኸት ምክንያት አልሰማሁህም።

የጊታሩን ክር መጀመሪያ ከሱ ድምፅ ጋር አስማማሁ። ከዚያ ናይለኑን በጥፍሬ መግፋት ጀመርኩ፤ ወይዘሮ ሀኪማ ስልኩን ይዛ እየመለሰች ታሰማኛለች። ገፋሁ፣ ገፋሁ፣ ገጠመ። የገጠመው ግን እኔ ከምገምተው ዝቅ ብሎ ነው፤ የስንዴ ፍሬ ያህል። ሁለት ቀን ተከራከርኩት። ልጁ ተሳስቷል፣ እናቱ ከፍ ታደርገው ነበር አልኩ። ከፍ ሳደርገው ደግሞ የት ላይ እንደማቆም አላውቅም፤ ያው የወትሮው ፍለጋ ይጀምረኛል።

ሐሙስ ዕለት ወይዘሮ ሀኪማ ሰለቻት። «ለመሆኑ ጋሽ ካሳሁን፣ እሷ ያኔ በርጩማው ላይ ስታንጎራጉር ልጁ የት ነበር?» አለችኝ። አሰብኩ። ጀርባዋ ላይ ነበር። የዓመት ልጅ ነበር፤ እሑድ እሑድ አዝላው ነው የምንቀመጠው፤ ካላዘለችው ናይለኑን እየጎተተ አያሠራንም። «በሉ እንግዲህ፣ እርስዎ ከፊት ለፊት ነው የሰሟት፤ እሱ ከውስጥ ነው የሰማት» አለች። አሰርኩት፤ እሱ ባለበት።

ቅዳሜ ኢሽራቅ መጣች። ደውዬ አራት ነው ብያት ስለነበር ደስ ብሏት ነው የመጣችው። መስኮቱን ዘጋን፣ ብርድ ልብስ ሰቀልንበት። የቂሊንጦ ሠራተኞች ሰርቪስ እስኪያልፍ ጠበቅን። የታችኛው ፎቅ ሰዎች ጀሪካን ማንቀሳቀስ ተዉልኝ፤ ወይዘሮ ሀኪማ ደረጃው ላይ ዘብ ቆማ ሰው በእግሩ ጣት ነበር የሚወጣው። ትዝታን አንድ ጊዜ ተጫወትኩ፣ በቃ። ባቲም እንዲሁ። አምባሰልን ሁለት ጊዜ፤ የወሎ ሰው ከበር እየሰማ አይቀለድም።

አንቺሆዬን ጀምሬ መሃሉ ላይ አቆምኩ። ኢሽራቅ ውሃ ሰጠችኝ። «አይቸኩሉ» አለችኝ። ልጄ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ፈራሁ። ቦታው የሷ ካልሆነ ከዚህ በኋላ የትም አላገኛትም ብዬ ነው የፈራሁት። ሁለተኛ ጀመርኩና እስከ መጨረሻው ሄድኩ፤ ምን እንደተጫወትኩ ግን አላውቅም፤ እጄን እያየሁ ነበር።

ከጨረስኩ በኋላ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረገችልኝና ከፈተችው። ራሴን ከውጭ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። የምጫወተው ከማስበው ቀስ ብዬ ነው፤ አልጠላሁትም። ስምንተኛዋ ናይለን የምትመጣበት ቦታ ሲቃረብ ዓይኔን ጨፈንኩ። አሰለፈችን ነበር የምጠብቀው። የመጣው የሺዋስ ነው። ደስ አለኝ፣ ልጄ፤ እንዲህ ደስ ይለኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ኢሽራቅ ፊቴን አይታ «ይደገም?» ብላ ጠየቀችኝ፤ አይ፣ እንዲሁ ይሁን አልኳት።

አባታችሁ ካሳሁን